ስኪንድሬድ የማንም ቅጂ አይደለም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ስኪንድሬድ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ገረመኝ። ስኪንድሬድ ከደቡብ ዌልስ፣ ከኒውፖርት ከተማ የወጣ፣ ሬጌንና ሜታልን (በጣም ከባዱን የሮክ ሙዚቃ) አንድ ላይ የሚጫወት ባንድ ነው። እኔ የምኖረው ካርዲፍ ነው። ኒውፖርት በባቡር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህን ባንድ ስንት ዓመት ስሰማ፣ በአማርኛ ስለ እሱ የማወራው ሰው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሻይ አፍልቼ፣ ተመቻችቼ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሻዩ ሳያልቅ ተናደድኩ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ስኪንድሬድ የአሜሪካ ኑ-ሜታል (ከባድ ጊታርን ከራፕ ጋር የሚቀላቅል የሮክ ዓይነት) ቅጂ ነው፤ ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ ማለፍ ነበረበት። ሁለተኛ፣ ሬጌና ሜታል አብረው አይሄዱም፤ ባንዱ ሬጌን በጩኸት አዋርዷል፤ በተለይ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዝም ብለን ማየት የለብንም። ሦስተኛ፣ ሃያ አምስት ዓመት ተለፍቶ የትም አልተደረሰም። አራተኛ፣ ሥራቸው ከጭፈራ በቀር ቁም ነገር የለውም።

አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቅጂ ነው ስለተባለው

አንድ ነገር ቅጂ ነው ለመባል መጀመሪያ ከዋናው በኋላ መምጣት አለበት። እስቲ ቀኑን እንይ።

የስኪንድሬድ ድምፃዊ ቤንጂ ዌብ ነው። ቤንጂ ሥራውን በስኪንድሬድ አልጀመረም። ከዚያ በፊት ደብ ዋር የሚባል ባንድ ነበረው። ደብ ዋር ኒውፖርት ውስጥ የተመሠረተው በ1993 ነው። ኑ-ሜታልን ለዓለም ያስተዋወቀው የኮርን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1994 መገባደጃ ላይ ነው። የሊምፕ ቢዝኪት የመጀመሪያ አልበም ደግሞ በ1997። ደብ ዋር እኮ በ1995 «ፔይን»ን፣ በ1996 «ሮንግ ሳይድ ኦቭ ቢዩቲፉል»ን አውጥቶ ጨርሷል። ኑ-ሜታል የሚለው ስም የሁሉም ሰው አፍ ላይ ሳይገባ እነዚህ ልጆች ከባድ ጊታርና የጃማይካ አዘፋፈን ይዘው በየከተማው ይዞሩ ነበር።

ጸሐፊው ይህን ባንድ በአንድም ቦታ አላነሱትም። ደብ ዋርን ዘሎ ስለ ስኪንድሬድ መጻፍ የሰውን ታሪክ ከመሃል እንደ መጀመር ነው።

ቤንጂና ጓደኞቹ ከማንም አልተማሩም አልልም። ከተማሩ ግን የት እንደተማሩ በትክክል እንናገር። ባድ ብሬንስ የሚባል የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ አለ። ጥቁሮች ናቸው፣ ራስታዎች ናቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአንድ መድረክ ላይ እጅግ ፈጣን ፐንክ (ጥሬና ቁጡ ሮክ) እና ዘና ያለ ሬጌ እያፈራረቁ ይጫወቱ ነበር። የስኪንድሬድ ቅድመ አያት ፈልጉ ከተባለ እዚያ ነው የምሄደው። ባርኔጣውን ገልብጦ ያደረገው የፍሎሪዳ ልጅ፣ የሊምፕ ቢዝኪቱ ድምፃዊ ጋ አይደለም።

ሌላው ምንጭ እንግሊዝ ራሷ ናት። በ1948 ዊንድረሽ የምትባለው መርከብ ከካሪቢያን ሰዎችን ይዛ ከመጣች ወዲህ፣ የእንግሊዝ ወጣት ከሬጌ ጋር አብሮ ነው ያደገው። ለንደን ውስጥ ሮክሲ የሚባል የፐንክ ክበብ ነበር። በ1977 እዚያ ዲጄ የነበረው ዶን ሌትስ የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ነው። በጊዜው ገና ብዙ የፐንክ ሸክላ አልነበረም። ስለዚህ በባንዶቹ መሃል የሚያጫውተው ሬጌ ነበር። ፀጉራቸውን ያቆሙት ነጭ ልጆች ያን እየሰሙ ያድሩ ነበር። በዚያው ዓመት ቦብ ማርሊ ራሱ ስለዚህ መቀላቀል ዘፈን አወጣ፤ «ፐንኪ ሬጌ ፓርቲ» ይባላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከኮቨንትሪ ዘ ስፔሻልስ መጡ፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ባንድ፣ ስካ (ሬጌን የወለደው የጃማይካ ሙዚቃ) እና ፐንክ በአንድ ዘፈን። ይህ ሁሉ ሲሆን ኑ-ሜታል የሚባል ነገር ገና አልተወለደም።

ኒውፖርትን ደግሞ ያላያት ሰው ይህን ሙዚቃ ከሌላ ቦታ የመጣ ቢመስለው አልፈርድበትም። የወደብ ከተማ ናት። የደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል በዚያ ነበር በመርከብ የሚወጣው። ከአጠገቧ ላንዌርን የሚባል ትልቅ የብረት ፋብሪካ ነበረ፤ በ2001 ብረት ማቅለጡን አቆመ። ወደቡ አጠገብ ፒልግዌንሊ የሚባል ሰፈር አለ። ሰዉ አሳጥሮ «ፒል» ነው የሚለው። መርከበኞች ከየመን፣ ከሶማሌ፣ ከካሪቢያን፣ ከየትም እየመጡ የቀሩበት ሰፈር ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ ሄጄ እስከ ድልድዩ ድረስ በእግሬ ወጥቻለሁ። ድልድዩ በ1906 የተከፈተ ነው፤ መኪናና ሰው በብረት ገመድ የተንጠለጠለ መድረክ ላይ ተጭኖ ወንዙን እንዲሻገር የተሠራ ነው። ከአንዱ መስኮት ሬጌ ይሰማል፣ ከሌላው ኤሌክትሪክ ጊታር የሚለማመድ ልጅ። ሁለቱን ድምፅ ለመቀላቀል አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ መንገዱ መሃል መቆም ይበቃል።

በ1990ዎቹ ጋዜጦች ኒውፖርትን፣ በሮክ ባንዶቿ በገነነችው የአሜሪካ ከተማ ስም፣ «አዲሷ ሲያትል» እስከማለት ደርሰው ነበር። ቲጄስ የሚባል የምሽት ክበብ ነበራት፤ ጠባብ፣ ጨለማ፣ ጣሪያው ላብ የሚያንጠባጥብ። ከተማዋ ከአቅሟ በላይ ባንድ አወጣች። ደብ ዋር ከእነዚያ አንዱ ነው። ኢርኤክ የሚባለው የኖቲንግሃም አሳታሚ ነው ያስፈረማቸው። ኢርኤክ ማለት እጅግ ፈጣንና ጨካኝ ሙዚቃ የሚጫወተውን ናፓልም ዴዝን ያወጣ ቤት ነው። ከባድ ሙዚቃን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም።

ሬጌና ሜታል አብረው አይሄዱም ስለተባለው

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር። ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ነው የሚለኝ።

እስቲ በእጅዎ ጠረጴዛውን ይምቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀስ ብለው ይድገሙት። ሬጌ ውስጥ «ዋን ድሮፕ» የሚባል የድራም አመታት አለ። «አንድ» ሲሉ ከበሮው ዝም ይላል፤ ይጣላል፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ከባዱ ምት «ሦስት» ላይ ነው የሚያርፈው። ጊታሩ ደግሞ በምቶቹ መሃል ጨክ ጨክ እያለ ያጭራል። ቦታ ይበዛል። በዚያ ባዶ ቦታ ቤዙ ይንጎራደዳል።

አሁን ወደ ሜታል ይምጡ። ዘፈኑ ሲፈጥን ቆይቶ ድንገት ከበድ ብሎ የሚረግጥበት፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን የሚወዘውዝበት ቦታ አለ። ሙዚቀኞቹ «ሃፍ-ታይም» ይሉታል። እዚያ ላይ የስኔር ድራሙ ምት የት ነው የሚያርፈው? «ሦስት» ላይ። ያው ቦታ!

ይህን ሳውቅ አንድ ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ስደበድብ ነው የዋልኩት። ሁለቱ ሙዚቃዎች በአንድ እግር ነው የሚረግጡት። ልዩነቱ ጊታሩ ላይ ነው፤ አንዱ በአየር ላይ ይጭራል፣ ሌላው ክሩን ወደ ታች አርግቦ መሬት ላይ ይጎትታል። ስኪንድሬድ የሚሠራው ይህን ነው። በአንዱ ስንኝ ጊታሩን ያነሣዋል፣ በአዝማቹ ይጥለዋል። ከበሮው አይናወጥም። ስለዚህ ሰሚው ከሬጌ ወደ ሜታል ሲሻገር አይደናቀፍም። ዝም ብሎ የተለጠፈ ነገር ቢሆን ኖሮ በስፌቱ ላይ ይቀደድ ነበር።

አዘፋፈኑም እንደዚሁ። ቤንጂ የሚያደርገውን ጸሐፊው «ራፕ» ብለውታል። ራፕ አይደለም። ጃማይካ ውስጥ ሳውንድ ሲስተም ላይ፣ ትልልቅ ስፒከር መንገድ ላይ ተደርድሮ ዲጄው በሸክላው ላይ እየለፈፈ፣ እያዜመ፣ ሕዝቡን የሚያነቃበት አዘፋፈን ነው። ቶስቲንግ ይባላል። ከኒውዮርክ ራፕ በዕድሜ ይበልጣል። በኋላ የኮምፒውተር ምት ሲመጣ ራጋ የሚባለው መጣ። ስኪንድሬዶች ሙዚቃቸውን «ራጋ ሜታል» የሚሉት ለዚህ ነው። ስሙን ለሽያጭ የለጠፉት አይደለም፤ የምግቡን አሠራር ነው የሚናገሩት።

ይህን ስል የእናቴ ሰርገኛ ጤፍ ትዝ ይለኛል። ነጩንና ቀዩን ፍሬ ቁጭ ብሎ የሚለቅም ሰው አይቼ አላውቅም። እንደዚያው ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ እንጀራ ይሆናል። ይህ እንጀራ ነጭ ጤፍን አዋረደ ያለም የለም።

አሁን «እኛ ኢትዮጵያውያን» ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊው ሬጌ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ራስ ተፈሪ የሚለው ስም የእኛው ንጉሥ ስም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ሻሸመኔም እዚያው አለች። በ2005 የቦብ ማርሊ ስድሳኛ ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር የነበረውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ከዚህ ተነሥቶ ሬጌን ጠባቂ ዘበኛ መሆን እንዴት ይመጣል? ሬጌን የፈጠሩት ጃማይካውያን ራሳቸው ከአሜሪካ ሬዲዮ የሰሙትን አር ኤንድ ቢ ከሜንቶ፣ ከአገራቸው ባህላዊ ሙዚቃ፣ ጋር ቀላቅለው ነው ወደ ስካ፣ ከስካም ወደ ሬጌ የመጡት። ሲወለድም ድብልቅ ነበር።

ደግሞ እኛ ነን ስለ ድብልቅ የምንቆጣው? ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ-ጃዝ አባት ነው እያልን በዓለም ፊት የምንኮራ ሰዎች? ሙላቱ እኮ መጀመሪያ ከአገር ሲወጣ የሄደው ወደ ዌልስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰሜን ዌልስ ውስጥ ሬክሰም አካባቢ ሊንድስፋርን ኮሌጅ ገባ። የታሰበው መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። ሙዚቃው እዚያ ያዘው። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን። የእኛን ቅኝት ከላቲንና ከጃዝ ጋር ያጋባው ሰው መንገዱ በዌልስ አልፏል። እኔ ዌልስ የምኖር ሰው ነኝና ይህን ባነሣሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል። እንግዲህ ሙላቱን አጨብጭቦ ቤንጂን መኮነን አይገጥምልኝም።

«ባቢሎን» የሚለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ስም ለንግድ ተዋሱት የሚለውንም ልመልስ። ባቢሎን በራስታዎች አነጋገር ድሃውን የሚረግጠው ሥርዓት ማለት ነው። ቤንጂ ከካሪቢያን ቤተሰብ የተወለደ፣ ፋብሪካ በሚዘጋባት ከተማ ያደገ ጥቁር ሰው ነው። ይህን ቃል እሱ ካልተጠቀመበት ማን ይጠቀምበት?

የባከነ ዕድሜ ስለተባለው

እዚህ ላይ ነው በእውነት የተናደድኩት። ጸሐፊው የስኬት መለኪያቸው አንድ ብቻ ነው፤ ቶሎ ዝነኛ መሆን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ደብ ዋር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተበተነ። ቤንጂ ቁጭ አላለም። ማክስ ካቫሌራ ሴፑልቱራ ከሚባለው የብራዚል ሜታል ባንድ ወጥቶ ሶልፍላይን ሲመሠርት፣ በ1998 በወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ቤንጂ አብሮ ዘፍኗል። ማስ ሜንታል በሚባል ባንድ ደግሞ ከሮበርት ትሩሂዮ ጋር ሠራ። ያ ሰው በ2003 የታላቁ ሜታል ባንድ የሜታሊካ ቤዝ ተጫዋች ሆነ። የባከነ ሰው እንዲህ ያሉ ሰዎች ስልክ ደውለው ይጠሩታል?

ስኪንድሬድ በ1998 ተመሠረተ። «ባቢሎን» በ2002 ወጣ። በ2004 ላቫ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አወጣው። «ኖባዲ» የሚለው ዘፈናቸው የአሜሪካ የሮክ ሬዲዮ ላይ ተጫወተ። በዚያው ዓመት «ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2» የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ውስጥ ገባ። የአክስቴ ልጅ ስኪንድሬድን የሰማው እዚያ ነው። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት። የባንዱን ስም አያውቅም። «ያ እንደ ሬጌ ጀምሮ የሚያብድ ዘፈን» ነበር የሚለው። ዘፈኑ እስኪመጣ እያለ ሳንቲሙን ሁሉ ጨረሰ። ስንት ዓመት ቆይቶ ካርዲፍ ሲመጣ መኪና ውስጥ ከፈትኩለት። «ቆይ ቆይ ቆይ!» ብሎ እጄን ያዘኝ። መሪ ይዤ ነበር፣ ልንጋጭ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያ ኑ-ሜታል ወደቀ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ፊታቸውን አዞሩ። በ2002ና በ2003 ስንቱ የእንግሊዝ ባንድ አለቀ። ከኖቲንግሃም ኧርዝቶን ናይን ተበተነ። ፒችሺፍተር ቆመ። የአየርላንዱ ልጅ የሚዘፍንበት ዋን ሚኒት ሳይለንስ ተበተነ። ሁሉም ጥሩ ባንዶች ነበሩ። እነዚህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ጸሐፊው «ፋሽኑ ሲያልፍ ማለፍ ነበረባቸው» ሲሉ፣ የብዙዎቹ መጨረሻ ይህ ነበር። ስኪንድሬድ ግን አላለፈም።

እንዴት? በመንገድ ላይ። በቫን። ከከተማ ከተማ። አሳታሚ ሲቀየር፣ ሲተዋቸው፣ ሌላ ሲፈልጉ። በ2007 «ሩትስ ሮክ ራዮት»፣ በ2009 «ሻርክ ባይትስ ኤንድ ዶግ ፋይትስ»፣ በ2011 «ዩኒየን ብላክ»፣ በ2014 «ኪል ዘ ፓወር»፣ በ2015 «ቮልዩም»፣ በ2018 «ቢግ ቲንግስ»። አንዱም በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አልገባም። ጸሐፊው እዚህ ጋ ቆመው ነው ፍርድ የሰጡት። ትንሽ ቢቀጥሉ ምን አለበት?

በ2023 ነሐሴ ላይ ስምንተኛው አልበማቸው «ስማይል» ወጣ። በእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ገባ። ሁለተኛ! የገዛው ማነው? ሃያ ዓመት ሙሉ በየትንሹ አዳራሽ ሲያላብሱት የነበረው ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሞቦ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በአልተርኔቲቭ ዘርፍ። ሞቦ ማለት መሠረቱ ከጥቁሮች ለሆነ ሙዚቃ የሚሰጥ የእንግሊዝ ትልቁ ሽልማት ነው። ስኪንድሬድ ሬጌን አዋረደ የሚለው ሰው ለእነዚያ ዳኞች ደብዳቤ ይጻፍ። በዚያው ዓመት ዌምብሌይ አሬና የራሳቸውን ኮንሰርት አደረጉ። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው።

ቤንጂ በዚያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የሥራውን ትልቁን ፍሬ ያየ ሰው ዕድሜው ባከነ ከተባለ፣ ያልባከነው የማን ነው?

ጭፈራ ብቻ ነው ስለተባለው

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ጸሐፊው አዳራሹ ውስጥ አልገቡም፤ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል።

«ኒውፖርት ሄሊኮፕተር» የሚባል ነገር አለ። ቤንጂ ሙዚቃውን ያስቆማል። ሁሉም ሰው ከላይ የለበሰውን አንድ ነገር እንዲያወልቅ ያዛል። ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ሻርፕ፣ ያለውን። ጊታሩ ሲወርድ ሁሉም በራሱ ላይ ያሽከረክራል። አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅና እኔ መሃል ላይ ነበርን። እሱ በረድ ብሎታል፣ ከታች ሌላ አልለበሰም፣ ያፍራል። ከጎናችን ስድሳ የሚሆናቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ የዌልስ ሰው ነበሩ። እጃቸው የብረት ሠራተኛ እጅ ይመስላል። ሸሚዛቸውን ቁልፍ በቁልፍ፣ በጥንቃቄ ፈቱ። ለእኛ ጠቀሱን። ከዚያ ጊታሩ ወረደ። አዳራሹ ሁሉ ጨርቅ ሆነ። የላብ ዝናብ ነው የዘነበው። የአክስቴ ልጅ ቲሸርቱን መቼ እንዳወለቀ አላየሁም፤ በአየር ላይ ነበር።

ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሕንዱ፣ ሽማግሌው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር። በዚህ አገር እንደዚህ ተደባልቀን የምንቆምበት ቦታ ስንት ነው? ቤንጂ በዘፈኖቹ መሃል ስለ ዘረኝነት፣ ስለ አንድነት ሲናገር ሰዉ የሚሰማው፣ አስቀድሞ ስላሳቀውና ስላስጨፈረው ነው። እኛም እኮ አዝማሪ ቤት ቁም ነገሩን የምንሰማው እየሳቅን ነው። አዝማሪው ሰም ለበስ አድርጎ ጌታውን ሲሸነቁጥ፣ ጭፈራ ነው ብለን እናልፈዋለን?

«ዩኒየን ብላክ» የሚለውን የአልበም ስምም ልብ በሉ። የብሪታንያ ባንዲራ ዩኒየን ጃክ ነው የሚባለው። አንዱን ቃል ብቻ ነው የቀየሩት። ቁም ነገር የለውም የሚል ሰው እዚህች ቃል ላይ ትንሽ ይቆይ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት

ሁሉንም አልክድም። የስቱዲዮ አልበሞቻቸው ሁሉ እኩል አይደሉም። መድረክ ላይ ያለው እሳት ሲዲ ውስጥ ሲገባ የሚቀዘቅዝባቸው ዘፈኖች አሉ። በአሜሪካ በር ሲከፈትላቸው በሩን ይዘው መቆየት አልቻሉም፤ ከ«ባቢሎን» እስከ ቀጣዩ አልበም ብዙ ጊዜ አለፈ። በ«ቮልዩም» እና በ«ቢግ ቲንግስ» ላይ ለሬዲዮ ብለው ያለሳለሱት ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ጸሐፊው ይህን ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል አልመልስም ነበር። እኔም ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንጨቃጨቅ እንደዚያ ነው የምለው።

ግን «ቅጂ» እና «ባከነ» የሚሉት ቃላት ከባድ ናቸው። ሰው በማያውቀው ሥራ ላይ የሚወረውራቸው ቃላት አይደሉም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ደብ ዋሮች እንደገና ተገናኝተው በ2022 አልበም አወጡ። ስሙ «ዌስትጌት አንደር ፋየር» ነው። ዌስትጌት ኒውፖርት መሃል ያለ የድሮ ሆቴል ነው። በ1839 ቻርቲስት የሚባሉ የማዕድንና የብረት ሠራተኞች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ሲመጡ፣ ወታደሮች ከዚያ ሆቴል ተኩሰው ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎችን ገደሉ። የከተማው ሰው እስካሁን ያስታውሰዋል።

ያንን አልበም ያሳተመው ማን መሰላችሁ? ኢርኤክ። በ1995 «ፔይን»ን ያሳተመው ያው የኖቲንግሃም ቤት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የወጣውን «ስማይል»ንም ያሳተመው እሱ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ያው አሳታሚ፣ ያው ድምፃዊ፣ ያው ራጋና ከባድ ጊታር። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጊዜ ሊጽፉ ሲነሡ ከ«ፔይን» ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ካላገኙት እኔ ጋ አለ፤ ሲዲውን የአክስቴ ልጅ ወስዶታል፣ እንዲመልሰው ነግሬዋለሁ።